ባዶው ሴሚስተር

«እኔ እሷ አይደለሁም።»

ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ይህን ማለት ልማድ ሆኖባታል። መንታ እህቷ ከሞተች ወዲህ ሰላምታዋ ይኸው ነው። ባለሱቁ ዕቃ ሊያቀብላት እጁን ዘርግቶ ክው ሲል፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት አፏን በእጇ ስትይዝ፣ ቶሎ ብላ «እኔ እሷ አይደለሁም» ትላለች። ምን ታድርግ? ፊት እንደ ሻርፕ አይወልቅ ነገር!

ታናሿ እንላታለን። ከታላቋ የምታንሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያህል ነው፤ በዚያ ቤት ግን ታላቋና ታናሿ መባል እንደ ስም ሆኖ ቀርቶ ነበር። ሁለቱም ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቷቸው ነበር። አሁን ሃያ አራት የምትሞላው አንዷ ብቻ ናት።

ያን ቀን ከሥራ ወጥታ ወደ ማታ ትምህርት ቤቱ የሄደችው የእህቷን መጻሕፍት ልትመልስ ነው። እናቷ «የሰው ንብረት ነው፣ አድርሺ» ካለቻት ቆይቷል፤ እግሯ እንቢ እያላት እንጂ። መጻሕፍቱን አቅፋ በሩን አልፋ ደረጃው ጋ ስትደርስ፣ አንድ ወጣት ሲወርድ ዐይን ለዐይን ተጋጩ። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ እጁ በጥላሸት የጠቆረ፣ ቀጭን ረጅም ሰው ነው። አያትና ቆመ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«አንደ...» አለና አቆመ።

«እኔ እሷ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ» አለ። አያውቅም ነበር፤ ፊቱ ወረቀት መስሏል። «ማለቴ... መሞቷን ሰምቻለሁ። ለሥራ ከከተማ ወጥቼ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። መንታ እንዳላት ግን ነግራን አታውቅም።»

«አልነገረቻችሁም?»

«ስለ ቤቷ አታወራም። ወሬዋ ሁሉ ስለ ውጤት ነው።»

ይህ ነገር ታናሿን ጠቅ አደረጋት። እሷ ስለዚያ ክፍል የማታውቀው የለም። ሒሳብ መምህሩ ሲያስነጥስ ጠመኔው ከእጁ እንደሚወድቅ ታውቃለች። ታላቋን ክፍሉ በሙሉ «አንደኛ» እያለ እንደሚጠራት፣ ቀን ሲበይድ ውሎ ማታ ቆሞ የሚያንቀላፋ «ሁለተኛ» የሚባል ልጅ እንዳለ ታውቃለች። ታላቋ ከትምህርት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ «ዛሬም በነጥብ አመለጥኩት!» ትል ነበር። ታናሿም የስፌት መኪናዋን አቁማ «ምስኪን፣ አንድ ቀን እንኳ ብትለቂለት ምናለ?» ትላለች። «ሞቼ ነው የምለቅለት» ትላለች ታላቋ። እንዲህ እየተባባሉ ሲስቁ ኖረዋል። ታናሿ ግን እዚህ ትምህርት ቤት ጭራሽ እንዳልነበረች ናት!

«ሁለተኛ አንተ ነህ» አለችው።

«በምን አወቅሽ?»

«መጽሐፎቹን ስታያቸው ልትበላቸው ትመስላለህ። እህቴ እንደዚያ ነበር የምትልህ።»

ሳቅ አመለጠው። ወዲያው በሳቁ አፈረና መጻሕፍቱን ከእቅፏ ተቀብሎ ተሸከመላት።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ታናሿ የምትሠራበት የመጋረጃ ስፌት ቤት የመስኮት ፍርግርግ ተበላሸ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ድሮም የተበላሸ ነበር፤ ልዩነቱ አሁን የሚጠግነው ሰው መገኘቱ ነው። የአንድ ከሰዓት ሥራ ወራት ፈጀ። ዛሬ ብረቱ አነሰ ይባላል፤ ነገ የብየዳው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ አለቀ፤ ከነገ ወዲያ ቀለም ይቀረዋል። የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ወፍራም ሳቂታ ሴት፣ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳች «አንተ ልጅ፣ የምትበይደው መስኮቱን ነው ወይስ ሠራተኛዬን?» ስትለው በላብ ተጠመቀ።

ታናሿ ግን ደስ ብሏታል። ደስታዋን ማን ይከለክላታል? ትምህርት ዘግይተው ጀምረው ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሱ አባታቸው ሲሞት ቤት ውስጥ የነበረው አቅም ለአንድ ደብተር ብቻ ነበር። እናትም «አንቺ እጅሽ ፈጣን ነው፣ የእሷ ጭንቅላቷ» ብላ ፈረደች። አንዷ ስትሰፋ አንዷ ትማራለች፤ ታላቋ ስትመረቅ ተራው የታናሿ ይሆናል። ውሉ ይኸው ነበር። ታናሿ አኩርፋ አታውቅም፤ መጋረጃ ስትሰፋ የሚያጫውታት ሰው መምጣቱ ግን ለእሷ አዲስ ነገር ነው።

«እስቲ ይኼን አማካይ የምትሉትን አስረዳኝ» አለችው አንድ ቀን፣ ጠርዝ እየቀመቀመች። «እህቴ ስትነግረኝ እህ እህ እል ነበር እንጂ አንዱም አልገባኝም።»

«ቀላል ነው። የትምህርቶቹን ውጤት ትደምሪና በትምህርቶቹ ቁጥር ታካፍያለሽ። ይኼ የአንድ ሴሚስተር ነው። የሁለቱን ሴሚስተር ደምረሽ ለሁለት ስታካፍይ የዓመቱ ይወጣል።»

«ከዚያ ኮሌጆቹ እሱን አይተው ይቀበላሉ?»

«እንደ ኮሌጁ ነዋ! አንዱ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ አራቱንም ዓመት ያያል። ሌላው ስፖርትና ሥዕሉን አውጥቶ እንደ አዲስ ራሱ ያሰላል። አንዱ ደግሞ ‹ይኼ ትምህርት ቤት ዘጠናን እንደ ከረሜላ ነው የሚያድለው› ብሎ ቁጥሩን አያምንም፤ ከክፍልህ ስንተኛ ወጣህ ይላል። በሰማንያ አንደኛ የወጣ አለ፤ በዘጠና አሥረኛ የወጣም አለ።»

«ዝቅ ብሎ ጀምሮ በኋላ ከፍ ያለስ?»

«እሱንማ ይወዱታል። ከላይ ጀምሮ ከሚወርድ ይሻላል ይላሉ። ምነው፣ ልትጀምሪ አሰብሽ እንዴ?»

«ሂድ ወዲያ! በዚህ ዕድሜዬ?»

«እኔ ዘጠነኛ ስገባ ጢሜን ላጭቼ ነው የገባሁት።»

ሳቀች፤ እየሳቀችም ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ አንገቷን ዘንበል አደረገች። ያኔ ዐይኑ እሷ ላይ ነበር፤ ግን እንደ መስኮት አልፏት ወደ ኋላ የሚያይ ይመስል ነበር። ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ የተሰቀለ መጋረጃ እንጂ ሰው የለም።

«ምነው?» አለችው።

«ምንም።»

ያ «ምንም» ማን እንደሆነች ታናሿ ታውቃለች። ይህን ልጅ ወዳዋለች፤ ነገሩ አልቋል፣ አሁን መመለስ የለም። ግን እሱ የሚወደው እሷን ነው ወይስ የእሷን ፊት ለብሳ የምትመላለሰውን ሙት? ይህን ሳታውቅ እንቅልፍ ላይወስዳት ነው።

ዓመቱ ሊዘጋ ሲል የትምህርት ቤቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወደ ቤታቸው መጣች። ተማሪው ሁሉ እትዬ የሚላት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። እናት ተቀብላ አስቀመጠቻት። እናት ልጇ ከሞተች ወዲህ ስታወራ ሰው ፊት አታይም፤ የታናሿንማ ጭራሽ። የምታናግራት እጇን እያየች ነው።

«እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም» አለች እትዬ። «የልጅዎ የመጀመሪያ ሴሚስተር ዘጠና ስድስት ነው። ሁለተኛው ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ባዶ ሲያይ አይቆጥረውም፤ ያለውን ብቻ አስልቶ የዓመቱንም ዘጠና ስድስት ብሎ ያወጣዋል። ከሥሯ ያለው ልጅ ዘጠና አምስት ከምናምን ነው። ስለዚህ ዘንድሮም አንደኛ እሷ ናት።»

«ይሁንላታ!» አለች እናት። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ በራ።

«ችግሩ ኮሌጁ ነው። ያለ ክፍያ የሚቀበለው ከየትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣውን ብቻ ነው። ስሙን ላኩ ብሎናል። የእሷን ብንልክ ቦታው እንዲሁ ሊቀር ነው፤ ያም ልጅ ከፍሎ የመማር አቅም የለውም። እኛ ደግሞ ቤተሰብ ሳይፈርም በልጅ ውጤት ላይ እጃችንን አናስገባም። ወይ በባዶው ቦታ ዜሮ ይግባ...»

«ዜሮ?» እናት ብድግ አለች። «ልጄ በዕድሜዋ ዜሮ አግኝታ አታውቅም! ሞተች ብላችሁ ዜሮ ልትሰጧት ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ካልሆነም ‹አልጨረሰችም› ይባልና ውጤቷ እንዳለ ይቀመጥ። ደረጃ ብቻ አይሰጣት። ደረጃ ለጨረሰ ነው።»

«ሐኪም ቤት ተኝታ የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር? ‹ሁለተኛ እንዳይቀድመኝ› ነው ያለችው። ይህቺው እህቷ ናት የሰማቻት። የሙት ቃል እንድበላ ነው የምትፈልጉት? አንደኛ ሆና ሞታለች፤ አንደኛ ሆና ትኖራለች። አበቃ!»

እትዬ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ታናሿ እስከ በሩ ስትሸኛት፣ «አንቺ ታግባቢልናለሽ ብዬ ነበር» አለቻት። «ልጁ ሳይነግርሽ አይቀርም። እሱ ከሰማው ወር አልፎታል።»

የታናሿ ልብ ስንጥቅ አለ።

በማግስቱ ለምሳ ስትወጣ በቀጥታ ብየዳ ቤቱ ሄደች። አንድ የበር ብረት ላይ አጎንብሶ እሳት ይረጫል። ስታየው ቆማ ጠበቀች፤ ጥላዋን አይቶ መነጽሩን ወደ ላይ አደረገ።

«ታውቅ ነበር?»

ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። «አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? እህትሽን ከላይ አውርጂልኝና እኔ ልውጣ ብዬ?»

«ፍርግርጉን ልትሠራ የመጣኸው ለዚሁ ነው?»

«እሱን ስጀምር ይኼ ወሬ መቼ ነበረ? አንቺም ታውቂዋለሽ።»

አወቀችው። ሰውየው ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ሁሉ ነገር ይነበባል። ነገር ግን ወራት ይዛው የቆየች ሌላ ጥያቄ ነበራት።

«ስታየኝ ማንን ነው የምታየው?»

የበየደው ብረት ፍም መስሎ ነበር፤ ቀስ እያለ ደበዘዘና ጠቆረ።

«መጀመሪያ እሷን ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሁን... አንዳንዴ አንቺን፣ አንዳንዴ እሷን። ልዋሽሽ አልፈልግም።»

«ትወዳት ነበር?»

«እኔ እንጃ። አራት ዓመት ሙሉ ጀርባዋን ሳይ ነው የኖርኩት። ልደርስባት ስሮጥ ልወዳት ጊዜ አልነበረኝም። ስትሞት ግን ለምን እንደምሮጥ ጠፋኝ።»

ይህን ሲል አንጀቷን በላው። ብታቅፈው ደስ ባላት። ግን ኩራትም አላት፤ መንታዋ ብቻ አይደለችም ኩሩ።

«በል ደህና ሁን» አለችው። «እኔ የእሷ ትርፍራፊ አይደለሁም።»

ጠራት። አልዞረችም። እንባዋን እየዋጠች መንገዱን ስትሻገር የመኪና ጥሩምባ እንኳ አልሰማችም።

ስፌት ቤቱ ውስጥ ደንበኞች መጋረጃ ደረታቸው ላይ ዘርግተው የሚያዩበት ቁመት ሙሉ መስታወት አለ። ያን ከሰዓት አሠሪዋ ዕቃ ልታመጣ ከኋላ ስትገባ ታናሿ ፊቱ ቆመች። መስታወቱ ውስጥ ታላቋ ቆማለች። ያው ቅንድብ፣ ያው ግትር አገጭ። ስታለቅስ ታለቅሳለች።

«ምን ላድርግ?» አለቻት። «ንገሪኝ እንጂ! አንቺ ሁልጊዜ መልስ አለሽ።»

ከንፈሩ አብሯት ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣም።

«ተናድጄብሻለሁ። ዐይኔ እስኪፈዝ የሰፋሁት ለማን ሆነና ነው? አንድ ቀን እንኳ መንታ አለችኝ ብትያቸው ምን ትሆኚ ነበር? አፍረሽብኝ ነው? አሁን ሞተሽም እኔን ቀድመሽ ትቆሚያለሽ። እሱ እኔን ሊያይ ሲል ትመጫለሽ፤ እማዬ እኔን ልታይ ስትል ትመጫለሽ። እስቲ ዞር በይ!»

ጀርባዋን የሆነ ነገር የነካት መሰላትና ደንግጣ ዞረች። የስፌት ቤቱ ባለቤት ጨርቅ አቅፋ ቆማለች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው፣ የኔ ልጅ?»

«ከራሴ ጋር።»

«ታዲያ መለሰችልሽ?»

«አልመለሰችልኝም።»

ሴትዮዋ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ጨርቁን አስቀምጣ «ዛሬ ይበቃሻል፣ ቤትሽ ግቢ» አለቻት።

ቤት ስትገባ እናት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የታላቋን ልብስ ታጣጥፋለች። ታጣጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ታጣጥፈዋለች። ታናሿ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እዪኝ።»

«እያየሁሽ ነው።» ዐይኗ የልጇ እጅ ላይ ነው።

«ፊቴን እዪኝ።»

«ተይኝ እባክሽ።»

«አልተውሽም! ለእሷ ዜሮ አይሰጣት አልሽ፤ እኔ ግን በዚህ ቤት ዜሮ ከሆንኩ ቆየሁ። የተማረችው ሞታ ያልተማረችው ተረፈች እያልሽ ነው አይደል? በይው! እኔም ቀን ከሌት የማስበው እሱን ነው።»

እናት ልብሱን ለቀቀችው። እንዲህ ያለ ነገር ከታናሿ አፍ ሰምታ አታውቅም።

«እንደሱ አይደለም» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «በሩን ከፍተሽ ስትገቢ ደስ ይለኛል። መጣች እላለሁ። ከዚያ አንቺ ሆነሽ ትገኛለሽ። የገዛ ልጄ ቤቷ ስትገባ አዝናለሁ! እንዲህ ያለች እናት ምን ፊት አላት? እሱን ፈርቼ ነው የማላይሽ።»

ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ እናት ቀስ ብላ፣ የሚያቃጥል ነገር እንደሚነካ ሰው፣ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘችው። አየችው። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን በአውራ ጣቷ እየዳበሰች አየችው። ቅንድቧ ሥር ስትደርስ ቆመች።

«እዚህች ጋ ጠባሳ አለሽ።»

«አምና መርፌ ተሰብሮ ነው።»

«እሷ የላትም» አለች እናት። «ወይኔ ልጄን! አላየሁልሽም ነበር።»

እናት እንባዋን ጠርጋ «ቃሏስ?» አለች። «‹እንዳይቀድመኝ› ያለችውስ?»

«እማዬ፣ እሱን ስትል እየሳቀች ነበር። ስነግርሽ ቃሏን ብቻ ነገርኩሽ፤ ሳቋን አልነገርኩሽም።»

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር። በዚያ አልጋ ላይ ታላቋ ያንን ስትል ከጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን የትንፋሽ ማጠር፣ ታናሿ ያኔም አላወቀችም፤ ዛሬም አታውቅም። ሳቅ ነው ብላ ወሰነች። እናትም የፈለገችው እሱን ነበርና አመነች። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዳ «አልጨረሰችም» በሚለው ላይ ፈረመች። አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ደረጃ ባይኖራትም ስሟ ከሁሉም በፊት እንዲጠራ።

ውጤት በሚነገርበት ቀን ተማሪው በሙሉ ግቢው ውስጥ ተሰለፈ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ይዘው ወጡና በመጀመሪያ የሟቿን ስም ጠሩ። «አማካይ ውጤት ዘጠና ስድስት። አልጨረሰችም።»

ያ ሁሉ ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፣ በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ጋ ከእናቷ ጎን ታናሿ ቆማለች። አንዲት ልጅ ጮኸች። ለዚያች ቅጽበት ሁሉም ያዩት ሙቷን ነው፤ ስሟ ሲጠራ መጥታ የቆመችውን። ታናሿ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። እህቷ በዚያ ግቢ ለመጨረሻ ጊዜ ትታይ ብላ ፊቷን አዋሰቻት።

ከዚያ «አንደኛ» ተብሎ የእሱ ስም ተጠራ። ጭብጨባው ዘግይቶ መጣ። ወረቀቱን ተቀብሎ ወረደ፤ እንኳን ደስ ያለህ የሚለውን ሁሉ አልፎ እናትየዋ ፊት መጥቶ አንገቱን ደፋ።

«እማማ፣ ምን እንደምልዎት አላውቅም።»

እናት ከላይ እስከ ታች አየችው። «ያቺን ልጄን እንቅልፍ ስትነሳት የኖርከው አንተ ነህ?»

«እሷም እኔን ነስታኛለች።»

«ይህችኛዋን ለምንድን ነው ታዲያ የምትነሳት?»

እማማ እንዲህ ትላለች ብሎ ማን ጠበቀ? ታናሿ «እማዬ!» ብላ ፊቷን አዞረች፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷ ስትስቅ ሰማች።

ሁለቱ ወደ መንገዱ ወጥተው ጎን ለጎን ተራመዱ።

«ኮሌጁ ሩቅ ነው» አላት። «ጠብቂኝ አልልሽም። ያቀረብሽልኝን ጥያቄ ገና በደንብ አልመለስኩትም።»

«እኔም ቁጭ ብዬ አልጠብቅህም። ዘጠነኛ ተመዝግቤያለሁ።»

ቆመና አያት። «እውነትሽን ነው?»

«ጢም ባይኖረኝም ተቀብለውኛል።»

ሳቀና እጇን ያዘ። እጁ ሸካራና ሙቅ ነበር። «ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ?»

«እጽፍልሃለሁ። እሷ ስትመጣብህ ‹መጣችብኝ› ብለህ ጻፍልኝ። አትደብቀኝ። እኔም ስትመጣብኝ እነግርሃለሁ። ለየብቻችን ከምንፈራት አብረን እንፍራት።»

እንደተባባሉትም አደረጉ። ዓመታት ሄዱ፤ ደብዳቤው ግን አልተቋረጠም። እሱ ተመረቀ። እሷ ከክፍሏ መጨረሻ አካባቢ ጀምራ ሰባተኛ ሆና ጨረሰች፤ ኮሌጅ ገብታ ሒሳብ መምህር ሆነች። ተጋቡ፤ ልጆች ወለዱ፤ እናትን ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ደስተኞች ነበሩ ብል አልዋሸሁም። ግን በዚያ ቤት ከሚቆጠረው ሰው አንድ የሚተርፍ ይመስል ነበር። እሱ አንዳንዴ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ሲያያት ዐይኑ አልፏት ይሄዳል፤ «መጣችብህ?» ትለዋለች፤ «መጣችብኝ» ይላል፤ ይህንንም ተቀብላ ኖረች። አንዳንዴም እሷ ራሷ መስታወት ፊት ፀጉሯን ስታበጥር ማን ማንን እንደምታበጥር ይጠፋትና ማበጠሪያውን አስቀምጣ ትወጣለች።

አንድ ጠዋት ነው። እሱ መታጠቢያ ቤት መስታወቱ ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል። እሷ መነጽሯን አድርጋ፣ ፎጣ ይዛ፣ ከጎኑ ፊቷን ልትታጠብ ገባች። በመስታወቱ ውስጥ አያትና ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ ቆመ። ቆይቶ ፈገግ አለ።

«ምነው?» አለች።

«ሽበት አወጣሽ እኮ። እዚህ ጋ፣ ከጆሮሽ በላይ። ዐይንሽ ጥግም ስትስቂ መስመር መጥቷል።»

«አንተ ደግሞ! እንዲህ አይባልም ለሚስት።»

«አይ፣ ሳይሽ ነው የገረመኝ» አለ። «ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ እሷ ከመጣችብኝ ቆየች። አሁንም ፈለግኳት። እሷ ሽበት አልነበራትም።»

ታናሿ ወደ መስታወቱ ዞረች። እሷም ፈለገቻት። ቅንድቡ ሥር፣ አገጩ ላይ፣ ከመነጽሩ ኋላ ፈለገቻት። የሚያያት አርባ ልትሞላ የደረሰች፣ ልጆች ያደከሟት፣ የምትወደድ አንዲት ሴት ናት። ታላቋ ሃያ ሦስት ዓመቷ ላይ ቆማ ቀርታለች፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ፊት የማንም አይደለም፣ የታናሿ ብቻ ነው። ሙሉ ወጣትነቷን የለመነችው ይህንኑ አልነበር? ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ደንግጦ።

«ሄደች» አለችው። «እህቴ አሁን ሄደች።»

ምላጩን አስቀመጠ። ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ አጠገቧ ተቀምጦ አቀፋት፤ ልጆቹ በሩን እያንኳኩ ስንት ሰዓት ነው ትምህርት ረፈደብን ሲሉ፣ እነሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው አለቀሱላት።